በርህን ብትዘጋ ሪዝቅህ አይዘጋም



በወጣቶቻችን ዘንድ አንድ ሙገሳ እየተለመደ መጥቷል። «እገሌ ጎበዝ ነው፤ በሩም ስልኩም 24 ሰዓት ክፍት ነው» ይባላል። እኛ ደግሞ እንላለን፦ ይህ ሙገሳ አይደለም። ቤቱ 24 ሰዓት ለገበያ ክፍት የሆነ ሰው ሱቅ አለው እንጂ ቤት የለውም። ሚስቱና ልጆቹ የሚያድሩት ገበያ መሃል ነው። ይህን ስንል ቅር የሚለው ወንድም እንደማይጠፋ እናውቃለን። ቅር ይበለው፤ ግን እስከ መጨረሻው ያንብበን።

ሥራው ለምን ቤት ገባ?

መጀመሪያ ነገር፣ ቤት ውስጥ መሥራትን አንነቅፍም። መተማ ዮሐንስ በድንበር የምትኖር ከተማ ናት። የገላባት መንገድ ሲከፈት ትጠግባለች፤ ሲዘጋ ትራባለች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ በዚያ በር የሚገባው ስደተኛ በዛ፣ ንግዱ ግን ተናጋ። ብዙም ሳይቆይ የራሳችን ክልል ጦርነት ተጨመረበት። ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ የእገታ ወሬ የማይለየው ሆነ። እናም ብዙ ሰው ሥራውን ሰብስቦ ቤቱ ገባ።

አንዱ የፊት ክፍሉን ሱቅ አደረገ። ሌላው ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ወኪል ሆኖ በሩ ላይ ገንዘብ ያስገባል፣ ያወጣል። አንዷ እህት ጅልባብና አባያ በቴሌግራም ትሸጣለች። ሌላዋ ለሆቴል እንጀራ ትጋግራለች። ሌላዋ የስፌት መኪናዋን አልጋዋ አጠገብ ተክላለች። ደላላው የሽንፋንና የኮኪትን ሰሊጥ ከገንዳ ውኃ ገዢ ጋር የሚያገናኘው ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ በስልክ ነው። ሐላል ሥራ ነው፤ ብዙ ቤት አድኗል። አላህ በረካ ያድርግበት።

የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ሥራው በበር ገባ፤ በየት በኩል ይወጣል? ስንት ሰዓት ይወጣል?

«አባቶቻችንስ ቤታቸው ይሠሩ አልነበረም?»

ይህን የሚሉን አሉ። እውነታቸውን ነው። የጎንደር ሙስሊሞች በንግድና በሽመና የታወቁ ነበሩ። ሸማኔው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እግሩን አስገብቶ የሚሠራው ከቤቱ ሳይርቅ ነበር። ግን ልዩነቱን እናስተውል። የሸማኔው ሥራ ቦታ ነበረው፤ ጉድጓዱ ተነሥቶ አልጋው ድረስ አይከተለውም። የሸማኔው ሥራ ጊዜም ነበረው። ፀሐይ ስትጠልቅ ክሩ ከክሩ አይለይም፤ ስለዚህ መወርወሪያውን አስቀምጦ ይነሣል። ደንበኛው የቱንም ያህል ቢቸኩል በጨለማ የሚሸምንለት የለም።

ዛሬ ሥራው ኪስ ውስጥ ነው። የራሱ መብራት አለው፤ ፀሐይ አያስፈልገውም። ትራስ ሥር ያድራል፣ ማዕድ ላይ ይቀርባል፣ መስጊድ ውስጥ ሰፍ መሃል ይጮሃል። ለአባቶቻችን ሥራን የምታስቆምላቸው ፀሐይ ነበረች። ለእኛ የሚያስቆምልን የለም፤ ራሳችን ካላስቆምነው አይቆምም። ስለዚህ «አባቶቻችንም ይሠሩ ነበር» የሚለው ክርክር ለእኛ የሚመሰክር እንጂ በእኛ ላይ የሚመሰክር አይደለም።

ልጅህ ያስፈቅዳል፤ ደንበኛህስ?

አላህ በሱረቱ አን-ኑር ስለ ቤት ውስጥ አደብ አስተምሮናል። የቤቱ አገልጋዮችና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሳይቀሩ ሳያስፈቅዱ የማይገቡባቸው ሦስት ጊዜያት አሉ፦ ከፈጅር ሶላት በፊት፣ ልብስ በሚወልቅበት ቀትር፣ እና ከዒሻ ሶላት በኋላ። እነዚህ የገመና ጊዜያት ናቸው።

ወንድሜ፣ ነገሩን እስቲ አስበው። ከአብራክህ የወጣ ልጅ፣ ከአንተ ጋር የሚበላና የሚጠጣ ልጅ፣ በእነዚህ ሰዓታት በርህን አንኳኩቶ እንዲገባ ታዟል። ታዲያ የ200 ብር ካርድ የሚፈልግ ሰው ከዒሻ በኋላ እንዴት መኝታ ክፍልህ ድረስ ዘው ይላል? በእግሩ ባይገባ በድምፁ ይገባል። ስልኩ ሲጮህ ሚስትህ ያወራችው ወሬ ይቋረጣል፣ የተኛው ሕፃን ይነሣል፣ አንተም ልብህ ተነሥቶ ይሄዳል። ሰውነትህ ብቻ ይቀራል።

የቀትሩን ነገር ደግሞ ደገኛ ወንድሞቻችን በንባብ ያውቁት ይሆናል፤ እኛ ቆለኞች በላብ እናውቀዋለን። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ልብስ ለብሶ መቀመጥ የሚችል የለም። ሌሊትም አልጋው ወደ ግቢ ይወጣል፤ ቤተሰቡ ሰማይ ሥር ይተኛል። ይኸው ግቢ ነው እንግዲህ ቀን የሱቅ ደጃፍ የሆነው። ሰው በሌሊት ልብሱ የተኛበትን ቦታ «ክፍት ነው» ብሎ ማስታወቅ ምን ዓይነት ጉብዝና ነው?

በዚያው ሱረት ቀደም ብሎ ለመጪውም ትእዛዝ አለ። የሰው ቤት ሳያስፈቅዱና ሰላም ሳይሉ አይገባም። «ተመለሱ» ከተባለ መመለስ ነው፤ ለተመላሹም የተሻለና የጠራው ይኸው ነው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ማስፈቀድ ሦስት ጊዜ መሆኑን፣ ካልተፈቀደ መመለስ እንደሚገባ አስተምረዋል።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገራችን። ብዙ መካሪ ጣቱን የሚቀስረው ቤቱ በሚሠራው ወጣት ላይ ብቻ ነው። እኛ ግን በአንኳኪው ላይም እንቀስራለን። ስልክ መደወል ማንኳኳት ነው። ካልተነሣልህ «ተመለስ» ተብለሃል። አሥራ አንድ ጊዜ ደውለህ፣ ከዚያ በቴሌግራም «ምነው ናቅኸኝ?» ብለህ ጽፈህ፣ ከዚያ በጀመዓው መሃል «እገሌ ብር ሲያገኝ ስልክ ማንሣት ተወ» ብለህ ማማትህ ከምን የመጣ ነው? ሰው በሩን የመዝጋት መብቱን የሰጠው አላህ ነው። አንተ ማነህና ትቀማዋለህ?

በአካባቢያችን ነገሩ የአደብ ብቻም አይደለም። ሰው እየታገተ ገንዘብ በሚጠየቅበት አገር፣ ድምፁን በቅጡ ላልለዩት ሰው «ትንሽ ገንዘብ ላስገባ» ስላለ ብቻ እኩለ ሌሊት በር መክፈት ቤተሰብን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ሌሊት የማይከፈት መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ በር ግን ሌሊት የሚያንኳኳውን በራሱ ይለየዋል።

«ሪዝቄ ያመልጠኛል»

ይህ ትልቁ ፍርሃት ነው፤ በቀልድ አናልፈውም። ኑሮ ተወዷል፤ የጎረቤት ሱቅ ክፍት ሆኖ የአንተ ሲዘጋ ልብ ይርዳል። ግን ጁሙዓ ቀን የምናደርገውን እናስብ። በሱረቱል ጁሙዓ አዛን ሲደረግ ንግድን ትተን ወደ ሶላት እንድንሄድ፣ ሶላቱ ሲያልቅ ደግሞ ተበትነን ከአላህ ችሮታ እንድንፈልግ ታዘናል። ንግድ ተከለከለ? አልተከለከለም። ሰዓት ግን ተሰጠው። ሳምንት ሳምንት ሱቃችንን ዘግተን ስንሄድ ሪዝቃችን ያልተቋረጠ፣ ከዒሻ በኋላ ብንዘጋ በምን ሒሳብ ይቋረጣል?

ሒሳብ ካልንም እናስላው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሚሠራ ሰው በቀን 16 ሰዓት ሠራ። በሳምንት 112 ሰዓት ነው። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጣሪ ያስቀመጠው መደበኛ ጣሪያ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜም 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ ዕረፍት አለ። አዋጁ ራሱን ለቀጠረ ሰው አልወጣም፤ መለኪያ ግን ይሆነናል። ሌላ ሰው እንዲህ ቢያሠራህ ግፈኛ ትለው ነበር። አንተ ግን ራስህን ከእጥፍ በላይ እያሠራህ «ጎበዝ ነኝ» ትላለህ።

ሰውነትም ዝም ብሎ አያልፍም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ አደጋው በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት አደጋው በ17 በመቶ ከፍ ይላል። እኛ የምናወራው ስለ 112 ሰዓት ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ አለ። ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ወንድሙን አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ) የገሠጸው ለምን ነበር? አቡ ደርዳእ ቀኑን በጾም፣ ሌሊቱን በሶላት አሳልፎ ሚስቱን ስለዘነጋ ነው። ሰልማን ጌታህ ሐቅ አለው፣ ነፍስህ ሐቅ አላት፣ ቤተሰብህም ሐቅ አለው ብሎ መከረው፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) የሰልማንን ንግግር አጸደቁ። ልብ በሉ፤ ያ የተገሠጸው በዒባዳ ነው! ሌሊቱን በሶላት ያሳለፈ ሰው የቤተሰብ ሐቅ ከተነሣበት፣ ሌሊቱን የካርድ ሒሳብ ሲያመሳክር ያደረ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?

«አሠሪዬ ነው የሚደውለው»

ሁሉም ለራሱ አይሠራም። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ላለ ሰው ቤቱ ሆኖ ጽሑፍ የሚጽፍ፣ ሒሳብ የሚይዝ፣ የቴሌግራም ገጽ የሚጠብቅ ወጣት አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ሲደረግ ብዙዎች ነገሩን የአንድ ሰሞን መስሏቸው ነበር። ልማዱ ግን ቀረ። የጠቀስነው አዋጅም በራሱ ቤት ሆኖ ለአሠሪ የሚሠራን ሰው ያውቀዋል። በቤቱ ስለሠራ ሠራተኛነቱ አይቀርም፤ ቤቱም የአሠሪው አይሆንም።

ዓለምም ነገሩን አይቶታል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከስልክና ከኢሜይል የመራቅ መብቱን በሕግ አስገብታለች። ፖርቱጋል በ2021፣ አውስትራሊያ በ2024 የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። እነዚህ አገሮች ሕግ እስኪወጣ ጠበቁ፤ እኛ የዒሻ አዛን በየቀኑ እየሰማን ምን እንጠብቃለን?

አሠሪ የሆንክ ወንድም ሆይ፣ ላንተም ቃል አለን። የሠራተኛህን ጉልበት ገዝተሃል፤ ሌሊቱን አልገዛህም። ከሌሊቱ 5 ሰዓት የድምፅ መልእክት ልከህ ጠዋት «ሰምተሃል ወይ?» አትበል። ሐሳቡ እንዳይጠፋህ ከፈለግህ ጻፈውና ጠዋት ላከው።

የእህቶቻችን ሥራ ሥራ ነው

የሴቶች ነገር ሲነሣ የብዙ ወንድ ጆሮ ይደፈናል። ይከፈት። ቤቷ የምትሠራ እህት ሁለት ሥራ ነው ያለባት፤ ሰው የሚቆጥርላት ግን አንዱንም አይደለም። ከፈጅር በፊት ተነሥታ ምጣድ ጥዳ፣ ለሆቴል የታዘዘውን እንጀራ አድርሳ፣ ልጅ አጥባ ስትመለስ ባልየው «ቀኑን ሙሉ ቤት ውለሽ ምሳ አልደረሰም?» ይላታል። ቤት አልዋለችም፤ ሥራ ላይ ነው የዋለችው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ሲሆኑ ምን ያደርጉ እንደነበር ስትጠየቅ፣ በቤተሰባቸው አገልግሎት ላይ እንደሚሆኑና የሶላት ሰዓት ሲደርስ እንደሚወጡ ተናግራለች። ከእርሳቸው የበለጠ ሥራ የነበረበት ማን ነው?

ሌላም አለ። ሚስት ሠርታ ያገኘችው ገንዘብ በሸሪዓ የራሷ ነው። «ቤቴ ውስጥ ስለተሠራ የእኔ ነው» የሚል ባል የሰው ሐቅ እየነካ መሆኑን ይወቅ።

በቴሌግራም ለምትሸጥ እህታችን ደግሞ ሰዓት ማበጀት ክብሯንም ይጠብቅላታል። ቀን «ይህ አባያ ስንት ነው?» ብሎ የጀመረ ወንድ ማታ 4 ሰዓት ላይ «ምነው እስካሁን አልተኛሽም?» ማለት ይጀምራል። ከመግሪብ በኋላ መልስ እንደማይሰጥ የተጻፈበት ገጽ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በር አይከፍትም። ደንበኛ የሆነው ነገ ይመጣል፤ ሌላ የፈለገው ይቀራል።

ስልኩን ጣሉት ለሚሉ

አንዳንድ ታላላቆቻችን ደግሞ መፍትሔውን አሳጥረው «ስልኩን ጣሉት» ይላሉ። አክብሮታችን እንዳለ ሆኖ አንስማማም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲያልፉ አይተናል። «ያኔ ነው ያረፍነው» የሚል ሰው ስንሰማ እንገረማለን። ያኔ አላረፍንም፤ ሥራ ነው ያጣነው። ልጅ ወተት ጠይቆ የሚገዛበት ሲታጣ ዕረፍት አይባልም። በሌላ ሰው እጅ የተዘጋ በር እስር ነው፤ በራስህ እጅ የዘጋኸው በር ግን ቤት ነው። ወጣቱ ስልኩን መጣል የለበትም፤ ቁልፉን በእጁ ማድረግ ነው ያለበት።

ልዩ ጊዜ የለም ወይ?

አለ። ሰሊጥ ደርሶ በሰዓቱ ካልታጨደ ራሱ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይራገፋል። በጥቅምትና በኅዳር ደላላውም፣ ገንዘብ ላኪውም፣ ለሠራተኛ ስንቅ የምታዘጋጀዋም እንቅልፍ ቢያጥራቸው አንፈርድም። ነገር ግን ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ታስሮና ደርቆ፣ ተራግፎ ያልቃል። ወቅት የሚባለው ማብቂያ ስላለው ነው። ዓመቱን በሙሉ «አሁን ወቅት ነው» የሚል ሰው ራሱን እያታለለ ነው።

ጎንደር ሆስፒታል ለተኛ በሽተኛ በሌሊት ገንዘብ መላክ ቢያስፈልግ ይነሣል፣ ይላካል፤ አጅር ነው። ጀናዛም እንዲሁ፤ እኛ በመስጊድ አገልግሎት ያለን ሰዎች ለጀናዛና ለታመመ ሰው ሌሊትም እንነሣለን። ለኒካሕ ቀጠሮ ግን በእኩለ ሌሊት አይደወልም። ዶሩራ የሚፈቅደው በልኩ ነው፤ ከልኩ ካለፈ ልማድ ይሆናል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. መዝጊያ ሰዓት ቁረጥ፤ ለሰውም አስታውቅ። በርህ ላይ ለጥፈው፣ በቴሌግራም ገጽህም ጻፈው። ከመግሪብ ይሁን ከዒሻ፣ እንደ ሥራህ አንተ ወስን። ከወሰንክ በኋላ ግን ለአንዱ ከፍተህ ለሌላው አትዝጋ፤ ቂም የሚመጣው ከዚያ ነው።

2. ሁለት ሲም ካርድ ያዝ። የሥራው ማታ ይጠፋል፤ የዘመድና የጭንቅ ጊዜው ክፍት ያድራል።

3. ቦታ ለይ። «የተከራየሁት አንዲት ክፍል ናት» ትል ይሆናል። አንዲት ክፍል መጋረጃ ትችላለች። መጋረጃ ባይኖር ሳጥን ይኖራል። ሲመሽ ደብተሩ፣ ማኅተሙ፣ የሥራ ስልኩ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይቆለፍ። ሥራው ከዓይን ሲሰወር ከልብም ይቀላል።

4. ገንዘብ ለይ። የወኪልነቱ ገንዘብ አማና ነው። ከሽሮና ከዘይት ብር ጋር በአንድ ኪስ ከዋለ በወሩ መጨረሻ ጭቅጭቅ የሚነሣው ከሚስትህ ጋር ነው።

5. ሕፃን ልጅህን የሥራ ስልክ አታስይዝ። የአንድ ቁጥር ስሕተት የሰው ገንዘብ ለማያውቁት ሰው ይልካል። ልጁም «አባዬ የለም በል» ተብሎ ውሸት የሚማረው በዚሁ ስልክ ነው።

6. ቀትርን አክብር። ቀይሉላ ሱና ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ግዴታ ሊሆን ምንም አልቀረው። ጠዋቱን በጊዜ ጀምር፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለኡማቸው በማለዳው በረካ እንዲሆንላቸው ዱዓ አድርገዋል። የሌሊቱን ሥራ ወደ ማለዳ ያሻገረ አይከስርም።

7. ደንበኛ ስትሆን ይህንኑ አስብ። ካርድህን በቀን ግዛ። ሦስት ጊዜ ደውለህ ካልተነሣ ተመለስ። በማግሥቱም ፊትህን አታጥቁር።

ወንድሞችና እህቶች! ቤትን አላህ የሰጠን ልባችን እንዲረጋበት ነው። ሰው ቀኑን ሙሉ የሚለፋው ማታ የሚገባበት ቤት እንዲኖረው ነው። የሚለፋበት ቦታና የሚገባበት ቦታ አንድ ሲሆን፣ መሃሉ ላይ በር ካላቆመ ማታ የሚገባበት የለውም። ደንበኛ ዛሬ ቢመለስ ነገ ይመጣል። «አባዬ እየኝ» ስትል ስልክ ላይ አቀርቅረህ ያላየሃት የሦስት ዓመት ልጅ ግን በሚቀጥለው ዓመት አራት ይሞላታል።

ዛሬ ከዒሻ ስትመለስ ሳጥኑን ቆልፍ። ነገ አላህ ካለ ትከፍተዋለህ።

ያ አላህ፣ ሐላል ሪዝቃችንን አስፋልን፤ ቤቶቻችንን የሰላምና የዕረፍት አድርግልን፤ ድንበራችንን ሰላም፣ መንገዳችንን አማን አድርግልን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።